ስምንት ተጠርተን ሁለት የቆምንበት መድረክ

ለውድ እኅቴ፣ ለእታለም፣

ይህ ወረቀት የተራራቅንበትን አገርና ባሕር አቋርጦ እጅሽ ሲገባ እንደምን አገኘሽ? ጉሮሮሽስ እንዴት ሆነ? ስሄድ ይዞሽ የነበረው ሳል ለቀቀሽ ወይስ እንደ ልማድሽ ለሰው ዝንጅብል እያዘዝሽ አንቺ ሳትጠጪ ቀረሽ? እማዬን ወገቧ እንዴት አደረጋት? ያን ወንበር ላይ ቆሞ ቁም ሣጥን ማጽዳት ተወች? ሚጣስ የፊት ጥርሷ በቀለላት? ጎረቤቱ፣ ግቢው፣ የቡድናችን ሰዎች ሁሉ እንደምን ሰነበቱ? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፤ እበላለሁ፣ እተኛለሁ። ናፍቆታችሁ ግን እንደ ጠባብ ጫማ በተራመድኩ ቁጥር ይሰማኛል።

እታለም፣ በስልክ «ደህና ነን፣ ሥራ በዝቶብን ነው የቆየነው» ያልኩሽ ውሸት ነው። አንቺ ስልክሽን ድምፁን ለቀሽ እንደምታወሪ፣ ሚጣም ጆሮዋን እንደምትደቅን ስለማውቅ ነው የዋሸሁት። አሁን ወደ አገር ቤት የሚመለስ ሰው ስላገኘሁ እውነቱን ጽፌ ሰደድኩልሽ። ሚጣ ትምህርት ቤት ስትውል፣ ቁጭ ብለሽ አንብቢው። ነገሩ ስለ እንዝርት ነው። በግቢያችን ስሙ የማይነሳውን ሰው እኔ ራሴ ማንሳቴ ሳያናድድሽ አይቀርም። ቢያናድድሽም አትጣይው፤ አንቺን የምለምንሽ ነገር አለኝ።

ለባህል ፌስቲቫሉ ከተጠራነው ከስምንታችን ቪዛ የተሰጠው ለእኔና ለእሱ ብቻ መሆኑ የተነገረ ቀን የሳቅሽው ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። «እግዜርም ለካ ቀልድ ይወዳል» ነበር ያልሽው። እውነትሽን ነው። አንቺንና ልጁን ጥሎ ሌላ ጎጆ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ከበሮዬ ያናግረው ነበር እንጂ እኔ አፌን ከፍቼለት አላውቅም። አንቺም መድረክ ላይ ዓይንሽን እግሩ ላይ ተክለሽ ትዘፍኛለሽ፣ ከመድረክ ስትወርጂ ግን መንገድ ትቀይሪያለሽ። ቡድኑ እንጀራችን ባይሆን ኖሮ ድሮ ተበታትነን ነበር። ታዲያ አንቺ ዘፋኟ፣ መሰንቆ መቺው፣ አለቃችን፣ ሁላችሁም ቀርታችሁ አንድ አውሮፕላን ውስጥ እኔና እሱ ጎን ለጎን ተቀመጥን። መንገዱን ሙሉ እሱ በመስኮት ደመና ሲያይ፣ እኔ የፊቴን ወንበር ጀርባ ሳነብ ደረስን።

የተቀበለን አስተርጓሚ የእኛው ቋንቋ ሰው ነው። ከአገር ከወጣ ብዙ ዘመኑ ስለሆነ አማርኛው እንደ ከረመ በርበሬ ኃይሉ ወጥቷል፤ ልቡ ግን ደግ ነው። መኪና ውስጥ ገብተን «ቢጫው ሻንጣ የት እንደገባ እስቲ ያን ሰውዬ ጠይቅልኝ» አልኩት። እንዝርትም ከኋላ ሆኖ «እኔ ዘንድ ነው በለው» አለው። አስተርጓሚው በመስታወቱ አንዴ እኔን አንዴ እሱን አየና «ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሁለታችሁ የምትናገሩት አንድ ቋንቋ አይደል እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። እንዝርት «ቋንቋው አንድ ነው፤ ሰዎቹ ናቸው ሁለት» አለው። ሳቄ መጥቶ ነበር፤ ጥርሴን ነክሼ መለስኩት።

ያሳደሩን ተማሪዎች ለእረፍት የለቀቁት ሕንፃ ውስጥ ነው። ሁለት አልጋ፣ በመሃል አንድ ጠረጴዛ፣ ግድግዳው ላይ ተማሪዎቹ ሥዕል የለጠፉበት ማስቲሽ ቅሪት። በማግሥቱ ጠዋት ፌስቲቫሉ ወደሚካሄድበት ሜዳ ወሰዱን። ሜዳው ለጥ ያለ ሣር ነው፤ ድንኳኑና መድረኩ እዚህም እዚያም ተተክሏል። መግቢያው ላይ የግድግዳ ያህል ሰፊ ሰሌዳ ቆሟል፤ ማን በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው መድረክ እንደሚቀርብ ከነፎቶው ተጽፎበታል። እታለም፣ የሌለ የሕዝብ ዓይነት የለም። ቁርጭምጭሚታቸው ላይ ደወል አስረው የሚጨፍሩ ሴቶች አሉ፤ ረጃጅም እንጨት እግራቸው ላይ አስረው ከጣሪያ በላይ የሚሄዱ ወንዶች አሉ፤ ከአንድ ጉሮሮ ሁለት ድምፅ የሚያወጡ ሽማግሌዎች አሉ፤ የፍየል ቆዳ ነፍተው የሚያስለቅሱ አሉ። እኛ ደግሞ ቅዳሜ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ትልቁ መድረክ ላይ ተብለናል። ፎቶው ባለፈው ዓመት የተነሳነው ነው። አንቺ መሃል ላይ አፍሽን ከፍተሻል፣ እንዝርት ከኋላሽ አየር ላይ ነው፣ መሰንቆ መቺያችን እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፍኗል። እዚያ ሰሌዳ ላይ ሁላችንም አለን። ሰሌዳው ሥር ሁለት ነን።

ዝግጅቱን የምታስተባብረው ሴት ወገቧ ላይ ሬዲዮ ታጥቃ የምትሮጥ ናት። ስታየን ከኋላችን ሌላ ሰው ፈለገች። አስተርጓሚው የቪዛውን ነገር ሲነግራት አፏን በእጇ ያዘች፤ ከልቧ እንዳዘነች አይቻለሁ። ኀዘን ግን መድረክ አይሞላም። ከሰዓት በኋላ ስንመለስ ሰሌዳው ላይ በእኛ ሰዓት ነጭ ተለጣፊ ተለጥፎ የመለከት ነፊዎች ስም ተጽፎበታል። እኛ ወደ ቅዳሜ ቀትር፣ ከምግብ መሸጫዎቹ ፊት ለፊት ዛፍ ሥር ወዳለችው ትንሽ መድረክ ተዛውረናል፤ ከባለ ደወሎቹ ቀጥሎ፣ ከባለ እንጨት እግሮቹ በፊት። ፎቶውን ግን ከነስምንታችን እዚያ ወስደው ለጠፉት።

ሬዲዮ የታጠቀችው ሴት ሌላም ሐሳብ አመጣች። ያንቺ ድምፅ ከተቀረፀው ላይ በድምፅ ማጉያ ይለቀቅ፣ እኔ ከበሮዬን ልምታበት፣ እሱ ይጨፍርበት አለች። እኔ ክፋት አላየሁበትም ነበር። እንዝርት ግን ራሱን ነቀነቀ። «እሷ ስትዘፍን እግሬን እያየች ነው፤ ሲደክመኝ ታሳጥራለች፣ ሲሞላልኝ ትደግማለች። ሳጥን እግር አያይም» አለ። ይህን ሲል ፊቱን ወደ አስተርጓሚው አላዞረም፤ እኔን ነበር የሚያየው። ከዚያ «አንተ ትዘፍናለህ» አለኝ። ከስንት ዘመን በኋላ በቀጥታ የተናገረኝ የመጀመሪያ ቃል ይህ ነው። «እኔ ስዘፍን የሰፈር ውሻ ይሰደዳል» አልኩት። እኔም አፌ ተፈታ ማለት ነው። «እዚህ የሚያውቅህ ውሻ የለም» አለኝ።

ሁለት ቀን ዘፈኖችሽን ተለማመድን። ሦስት መረጥን፤ የመጨረሻው ያ አንቺ ቀስ ብለሽ ጀምረሽ የምታፈጥኚው ነው። ግጥሙን የምረሳበት ቦታ ሲመጣ እሱ ይመልሰኝ ነበር፤ ሁሉንም በቃሉ ያውቀዋል። ስለ አንቺ አላነሳም፣ እኔም አላነሳሁበትም። አንድ ጊዜ ብቻ ልብሱን ሲያጣጥፍ «ሚጣ ቁመቷ የት ደረሰ?» አለኝ። በእጄ ደረቴ ሥር አሳየሁት። የሚያውቀውን ነው የጠየቀኝ፤ በየሳምንቱ ከመንገድ ማዶ ቆሞ ሲያያት እኔም አየው ነበርና። ራሱን ነቅንቆ ማጣጠፉን ቀጠለ። በዚያው ዕለት ጠዋት ግራ እጁ እንደደነዘዘው ነግሮኛል። «ባልተለመደ ትራስ ተኝተህ ነው» አልኩት፤ እሱም እንደዚያ ነው የመሰለው።

ቅዳሜ ቀትር ሆነ። ሰማዩ ጠቁሯል፣ ዝናብ ግን አልጣለም። ፎቶውን አይቶ የመጣው ሰው ስምንት ሰው ይጠብቃል፤ አንድ ከበሮና አንድ ጨፋሪ ሲወጣ ግማሹ ፊቱን ወደ ምግቡ መለሰ። አስተዋዋቂው የቡድናችንን ስም አበላሽቶ ጠራው። እኔም ጀመርኩ። ድምፄን አታንሺብኝ። ግን የመጀመሪያው ዘፈን ላይ እንዝርት ሲነሳ፣ ጀርባቸውን የሰጡን ሰዎች ሳህናቸውን እንደያዙ ዞሩ። ሁለተኛው ላይ ከሌላው መድረክ ሳይቀር እየተንጠባጠበ ሰው መጣ። ያን ቀን እንደጨፈረው ጨፍሮ አያውቅም ብዬ አልዋሽሽም፤ ብቻውን ስለነበር ነው ሁሉም እሱን ብቻ ያየው። ለስምንት የተሰጠውን ቦታ ለመሙላት ከዳር ዳር ይሮጥ ነበር።

ሦስተኛው ዘፈን ላይ ያ መሽከርከሩ መጣ። አንድ ሁለት ዙር እንደ ስሙ ዞረ። ከዚያ ግራ እጁ መነሳት ሲገባው ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ግራ እግሩም ከምቱ ወደ ኋላ ቀረ። እታለም፣ ይህ ሰው በብዙ ነገር ይታማል፤ ምት በመሳት ግን ታምቶ አያውቅም። ስለዚህ አዲስ ነገር ያመጣ መሰለኝና ከበሮዬ ተከተለው። እግሩ ሲጎተት እኔም ምቱን ጎተትኩለት፣ ሲቆም ቆምኩለት። ሕዝቡ ወደደው። በተንገዳገደ ቁጥር ጭብጨባው ጨመረ። ዞሮ ሲያየኝ የፊቱ አንዱ ጎን ወርዷል፤ አፉ የሚለው አለ፣ አይወጣውም። ከዚያ በጎኑ ወደቀ። ፉጨቱና ጭብጨባው የበረታው ያኔ ነው። ከበሮውን ጥዬ ስሮጥ ከፊት ያሉት ዝም አሉ፤ ከኋላ ያሉት ግን እስኪገባቸው ብዙ አጨበጨቡ።

መጀመሪያ የደረሱልን ተራቸውን ይጠብቁ የነበሩት ባለ እንጨት እግሮቹ ናቸው። መጡና በላያችን ቆሙ፤ ማጎንበስ ግን አይችሉም። መሬት ተቀምጠው የእንጨቱን ጠፍር ይፈቱ ጀመር። ከባለ ደወሎቹ አንዷ ጭንቅላቱን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ በሌላ እጇ የእግሯን ደወል አፍና ይዛ እንዳይጮህ ትጠብቅ ነበር። ማንም የማንንም ቋንቋ አያውቅም። አምቡላንስ ወስዶን ስንወጣ ትልቁ መድረክ ላይ ሙዚቃው አልቆመም። ሊቆምም አይችልም፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈ ሰዓት አለ።

ሐኪሙ በአስተርጓሚው በኩል እንደነገረኝ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ረግቶ ነው። ግራ ጎኑ አይታዘዝም። ሦስተኛ ፎቅ፣ ሦስት አልጋ ያለበት ክፍል ውስጥ ተኝቷል፤ የእሱ መስኮት ሥር ነው። ንግግሩ ተኮላትፏል፣ ሰው ግን ያውቃል። ይሄዳል ወይ ብዬ ስጠይቅ ሐኪሙ ብዙ ተናገረ፤ አስተርጓሚው ግን «ጊዜ ይፈልጋል ነው የሚለው» ብሎ አሳጠረው። ኮሪደር ላይ ይዤ ስጨቀጭቀው ነው እውነቱን ያወጣው። ቢበዛ በከዘራ፣ ያውም በብዙ ልፋት። ጭፈራውን እርሱት ብሏል።

እግር የምታለማምድ ሴት በየቀኑ ትመጣለች። «አውራ ጣትህን አንቀሳቅስ» ትለዋለች፤ ላቡ ጠብ እስኪል ይታገላል፣ ጣቱ ግን እንደ ሌላ ሰው ጣት ዝም ብላ ታየዋለች። አንድ ቀን በምልክት የአልጋውን ብረት አሳየኝ። ምት ፈልጎ ነው። በሁለት ጣቴ ቀስ ብዬ ያንቺን የመጨረሻ ዘፈን ምት መታሁለት። ዓይኑን ጨፍኖ ሰማ። ቀኝ እግሩ ብርድ ልብሱ ሥር ምቱን ያዘ። ግራው አልተነቃነቀም። ከጎናችን ያለው ሽማግሌ በሽተኛ መጋረጃውን ገልጦ ተቆጣኝ፤ ተውኩት። ከዚያ ወዲህ ምት አልጠየቀኝም።

«እሷ ታውቃለች?» አለኝ አንድ ቀን፤ ቃሉ እስኪወጣ ብዙ ጠበቅሁት። አታውቅም አልኩት። «አትንገራት» አለኝ። በማግሥቱ ሾርባውን ሳጎርሰው «ጽፈህላታል?» አለኝ። አይ የሰው ነገር!

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ለአለቃችን የሆነውን ነግሬው፣ ለአንቺ እንዳያነሳ ለምኜው ነበር፤ እሱም ደውሎ ቲኬቱ እንዳይቃጠል ተመለስ፣ አንተ ከቀረህ ሁለተኛ ማንም ቪዛ አይሰጠንም ብሎኛል። አልፈርድበትም። ሆስፒታሉ ለቪዛው ቢሮ ጽፎልኝ እሱን ይዤ እስክወጣ ድረስ ፈቀዱልኝ። ሐኪሙ ከሦስት ሳምንት በኋላ በአውሮፕላን መሄድ ይችላል ብሏል። ይዤው እመጣለሁ። ግን የት አደርሰዋለሁ? የተከራየው ክፍል በእንጨት መሰላል የሚወጡበት ነው። ሁለተኛይቱ ሚስቱ ድሮ ጥላው ሄዳለች። ወንድሙ ዘንድ ደውዬ ነበር፤ «እግዜር ይማረው» ብሎ ዘጋብኝ። በወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል የሚባለው ለዚህ ነው። ስለዚህ ወደ እኔ ክፍል ነው የማመጣው፤ ከበርሽ ፊት ለፊት፣ ግቢውን ተሻግሮ። ይህን አንቺን ሳላስፈቅድ ወስኛለሁ። ግቢው የአባታችን ነው፣ ክፍሉ የእኔ ነው ብዬ አይደለም። ማንኪያውን የሚይዝለት ሰው ስላጣሁ ነው።

ይቅር በዪው አልልሽም። እኔም የታረቅሁት እንዳይመስልሽ። ሳጥበው አንዳንዴ አንቺ እሱ ጥሎሽ በሄደበት ክረምት ሚጣን አዝለሽ ልምምድ የመጣሽበት ቀን ትዝ ይለኛል፤ እጄ ይከብዳል። ቢሆንም ፎጣውን ጨምቄ እቀጥላለሁ። እንድታናግሪው፣ ምግብ እንድታቀብዪው አልጠይቅሽም። የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። በተሽከርካሪ ወንበር ነው የሚመጣው፤ የክፍሌ በር ደፍ ደግሞ ከፍ ያለ ነው። ጎረቤታችንን አናጢውን ጥሪና ደፉን ነቅሎ ያንሳልኝ፤ ከበሩ እስከ መንገዱ ያለውን ድንጋይም ያስተካክልልኝ። ክፍሌ ውስጥ የተከመሩትን የቡድኑን ልብሶች አለቃችን ይውሰዳቸው። እሱ ሲያያቸው ባይውል ይሻላል።

እማዬን ጉልበቷን ስሚልኝ። እንዝርት ጓዙን ይዞ የወጣ ቀን በር ላይ ቆማ «እግርህን ይያዘው» ስትለው እኔም አንቺም ሰምተናል። ይህን እንዳታስታውሺያት። ራሷ ካስታወሰችው ግን ብቻዋን አትተያት። መሰንቆ መቺውን፣ የቡድኑን ልጆች በሙሉ፣ አለቃችንንም ሳይቀር ሰላም በዪልኝ፤ አልተቀየምኩትም በዪው። አናጢውንና ቤተሰቡን እንደምን አላችሁ በዪልኝ። ሚጣዬን ዓይኗን ስሚልኝ። አባቷ እንዴት ሆኖ እንደሚመጣ እኛ ሳንደርስ ንገሪያት። ስታየው ከፈራችና ከሸሸች አትቆጪያት።

አንቺን ደግሞ እታለም፣ ከሁሉም አብልጬ እስምሻለሁ። የምንደርስበትን ቀን አስቀድሜ በስልክ እነግርሻለሁ። በዚያ ቀን ቤት ባትውዪ አልቀየምሽም፤ የክፍሌን ቁልፍ አናጢው ዘንድ ተዪልኝ።

ወንድምሽ፣ ከበሮ መቺው

ከሆስፒታሉ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከመስኮቱ ሥር
ሰኔ ፲፩ ቀን